ከደጀ ሰላም እስከ አደባባይ፦ ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥግ ቆማችሁ «ቤተ ክርስቲያን በሰው ላይ ስለሚደርሰው ግፍ ለምን ዝም አለች?» የምትሉትን አስቤ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። በደብረ ብርሃንም፣ በመሐል ሜዳም፣ በደብረ ሲናም፣ በአረርቲም ጥያቄው ያው ነው፤ ተገቢም ነው። «ትናገር» እና «አትናገር» በሚል ክርክር ብቻ ካለቀ ግን ለተበደለው ሰው የሚተርፍለት ነገር የለም። ሙያዬ ሕግ ነውና እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ማን ይናገር፣ ስለ ማን ይናገር፣ ለየትኛው ቢሮ ያቅርብ፣ ሰልፍ ካስፈለገ ከየት ተነሥቶ የት ይበተን።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ንባብ ላቅና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህን ይዘው «እንግዲህ ምእመን ስለ መብት አደባባይ አይውጣ» የሚሉ ሹማምንትም ካህናትም አሉ። አንቀጹ የሚከለክለው የሥልጣን መደበላለቅን ነው። ደብሩ ከንቲባ አይሾምም፤ ከንቲባውም የደብር አስተዳዳሪ አይሾምም። መሰብሰብን፣ ሰላማዊ ሰልፍንና አቤቱታ ማቅረብን የሚፈቅደው አንቀጽ 30 ደግሞ መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ነጠላ ያጣፋ ምእመን፣ ቆብ የደፋ መነኩሴ፣ ከመስጊድ የወጣ ሙስሊም ሁሉም በዚያ ቃል ውስጥ አሉበት። መብት መጠየቅ ሥልጣን መሻማት አይደለም።

ወሰኑ የሚጣሰው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለአንድ ፓርቲ «ምረጡ» ሲባል፣ ዐውደ ምሕረቱ የዕጩ መድረክ ሲሆን፣ የደብሩ ማኅተም ከፓርቲ ዓርማ ጎን ሲያርፍ ነው። የምርጫ ሕጉም በአምልኮ ቤት ውስጥ ቅስቀሳን ይከለክላል። አንድ ፖለቲከኛ መጥቶ «ጥያቄያችሁን እኔ ላንሣላችሁ» ቢላችሁ አመስግኑትና የጽሑፋችሁን ቅጂ ስጡት። ማይክራፎኑን ግን አትስጡት። በማግስቱ ጥያቄው የእሱ፣ እናንተም የእሱ ደጋፊዎች ትባላላችሁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አገራችን መንበርና መንበረ ታቦት ሲጣበቁ ምን እንደሚመጣ ያየች አገር ስለሆነች ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል የደብረ ብርሃንን ስም ከሰማይ ከታየ ብርሃን ጋር ያያይዘዋል። ብርሃኑ ታየ የሚለው ግን ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው። እነዚያም መነኮሳት ነበሩ፤ እነዚያም ይጾሙና ይጸልዩ ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ልቼ ደግሞ በ1870 ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገብሩ ሃይማኖት የስምምነቱ አንድ ክፍል ሆነ። በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ሸዋ ውስጥ ሰፊ ተከታይ የነበረውና ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎው መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በቤተ መንግሥት አዋጅ የተቃና እምነት የስንቱን አባቶቻችንን አንገት እንዳስደፋ እዚህ ሸዋ ውስጥ ሆኖ መርሳት አይገባም።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን እንደ እናንተ በዓል ይከበሩ አሉ። አብረዋቸው የተሰለፉ ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከዚያ ቀን የምወስደው ትምህርት የክርስቲያኖቹን ነው። የተሰለፉት ለራሳቸው በዓል አልነበረም፤ የእነሱማ ተከብሮ ነው የኖረው።

እንግዲህ አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። አቤቱታ ስታረቅቁ የተበዳዩን ስም አውጡና የሌላውን እምነት ሰው ስም አስገቡበት፤ ከዚያ ጽሑፉን ደግማችሁ አንብቡት። «በዚህ ቀበሌ ኦርቶዶክሳውያን የመቃብር ቦታ ተከለከሉ» የሚለው «በዚህ ቀበሌ ሙስሊሞች የመቃብር ቦታ ተከለከሉ» ሲሆን ፊርማችሁን ታነሣላችሁ? ካነሣችሁት የጻፋችሁት የእኩልነት ጥያቄ አልነበረም፤ የጎራ ጥያቄ ነበር። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ ቋንቋን፣ ጾታን፣ ሀብትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን አንድ ላይ የዘረዘረው ከመካከሉ እንድንመርጥ አይደለም።

ሌላው ፈተና ከግቢው ውስጥ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝም ይሄኛው ነው። ሰንበቴ ላይ ጠላው የተጠመቀበትን ጋን ማን ሠራው? በሰሜን ሸዋ ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸማ የሚሠሩ ቤተሰቦች አሉ። «ጠይብ» ተብለው፣ ዓይናቸው ተፈርቶ፣ ለጋብቻ ተጠይፈው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ጋኑ ከደጀ ሰላሙ ይገባል፣ የሠራችው እናት ግን ከበር ውጭ ትቀመጣለች። ማኅበራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ የመጀመሪያው ሰልፋችሁ እዚያ ነው፤ ፈቃድም ማሳወቂያም አይጠይቅም። ሴትየዋን በአንቱታ ጠርታችሁ ከመካከል አስቀምጧት፤ ጽዋውም እንደ ማንኛውም ሰው በተራዋ ይድረሳት። ይህን ሳታደርጉ ከተማ ወጥታችሁ «እኩልነት» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

ወደ ሥራው ልግባ። አንድ ጉዳይ እንያዝ፦ በአንድ የገጠር ቀበሌ የወንጌል አማኝ የሆኑ ጥቂት ቤተሰቦች የመቃብር ቦታ አጡ እንበል። ደብሩ ያላቸው ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ የወንጌል አማኞቹን ሬሳ ግን የሚቀበል የለም። የአጥቢያው ወጣቶች ልትቆሙላቸው ፈለጋችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በአምስት ዓምድ ክፈሉት፦ ምን ሆነ፣ መቼ፣ የት፣ ማን አየ፣ ምን ሰነድ አለ። እያንዳንዱ ክስተት አንድ መስመር ይያዝ። «ብዙ ጊዜ ተከለከሉ» ተብሎ አይጻፍም፤ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ያየ ሰው ከሌለ «ሰማሁ» ብላችሁ ለዩት። እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ኋላ ቢሮ ቆሞ «ማስረጃህ?» ሲባል ይንተባተባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ስማቸው የሚጻፍ ሰዎች ፈቅደው መሆን አለበት፤ በተለይ ተበዳዮቹ። ሳይጠየቁ የተቆመላቸው ሰዎች ከጎረቤት ጋር ሌላ ጠብ ያተርፋሉ።

ቀጥሎ በማን ስም? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ብቻውን በደብሩ ስም ደብዳቤ አይጽፍም። ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎቿን በምታስተዳድርበት ደንብ፣ በቃለ ዐዋዲው መሠረት፣ የአጥቢያው ውሳኔ በሰበካ ጉባኤ ያልፋል፤ በዚያ ጉባኤ ካህናትም፣ ምእመናንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ተወካይ አላቸው። ወኪላችሁ አጀንዳ ያስይዝ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ከአጥቢያው አቅም በላይ ከሆነ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ወዳለው ሀገረ ስብከት ይሂድ። ጉባኤው «አይሆንም» ካለ ማኅተሙን ተዉት። በዜግነታችሁ፣ በስማችሁና በፊርማችሁ ጻፉ፤ አንቀጽ 30 ለዚያ ይበቃችኋል። አባቶችን መዝለልና አባቶችን ማዋረድ ግን ይለያያሉ፤ ምን ልታደርጉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ለአስተዳዳሪው በአክብሮት ንገሯቸው።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው አንቀጽ የሆነውን ይናገር፣ ሁለተኛው ሕጉን፣ ሦስተኛው ጥያቄውን። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ቀበሌው ለእነዚህ ነዋሪዎች የመቃብር ቦታ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለይና ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።» መልስ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግና እስከ መቼ እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። «ፍትሕ ይስፈን» ብላችሁ ብትጽፉ ጸሐፊው «ይስፈን» ብሎ ፋይል ያደርገዋል። የስድብ ቃል አውጡ፤ «ጨካኙ አስተዳደር» የሚለው ቃል ለሹሙ ከጉዳዩ ማምለጫ ነው።

ፊርማ ስትሰበስቡ አንድ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ጽሑፉ በአንድ ወረቀት፣ ፊርማው በሌላ ባዶ ወረቀት ይሰበሰባል። ኋላ «ለምን እንደፈረሙ አያውቁም» ይባላል፤ ወይም ይባስ ብሎ ፊርማው ለሌላ ጉዳይ ይለጠፋል። እያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ ጥያቄው ሙሉውን ይታተም፣ ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ ባዶ የቀረው መስመር ይሰረዝ። በሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለበላይ አካሉ በግልባጭ፣ አንዱ ለእናንተ። በእናንተ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እስኪያደርግ ድረስ ከመስኮቱ አትነሡ። አንቀበልም ካሉ ሰዓቱንና የሠራተኛውን የሥራ ድርሻ ጽፋችሁ ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ ደብዳቤውንም በአደራ ፖስታ ላኩት። ቀበሌ ዝም ካለ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን አለ። የእንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ብዙ ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል። ሰልፍ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ በእጅ ላይ የተቆለለ ገቢ ቁጥር ሲኖር ነው።

ሰልፉን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ከሰልፉ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው ማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል። ጽሑፉ ዓላማውን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ቦታውንና መስመሩን፣ ከመንግሥት የሚፈለገውን እርዳታ፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይይዛል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ የሚል ከሆነ ማሳወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል እንጂ ጨርሶ አይደረግም የማለት ሥልጣን በአዋጁ አልተሰጠውም። የሕጉ ቃል ይህ ነው። በተግባር ግን ማሳወቂያው እንደ ፈቃድ ጥያቄ ሲታይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በ48 ሰዓት አትመኑ፤ ከሰባት ቀን በፊት አስገቡ። ለእሑድ ሰልፍ ዓርብ ከሰዓት የገባ ደብዳቤ ሰኞ ነው የሚነበበው።

በአዋጁ ውስጥ ለእናንተ ለምእመናን ልዩ ወጥመድ የሆነ አንድ ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ አይደረግም። ከቅዳሴ ወጥቶ ከበሩ መፈክር ይዞ መነሣት፣ ለልብ የሚቀርበው ነገር፣ በሕጉ የተከለከለው ነው። 100 ሜትር የአዋቂ ሰው 130 እርምጃ ያህል ነው። ከሥላሴም ሆነ ከማንኛውም ደብር ደጃፍ ተነሥታችሁ ራሳችሁ ተራመዱና መነሻችሁን ከዚያ ውጭ አድርጉ፤ መስመሩም በመስጊድ ደጅ እንዳያልፍ አጣሩ። ከጦር ካምፕና ከጸጥታ ተቋም ደግሞ ክልሉ 500 ሜትር ነው። በገበያ ቀን ገበያ ቦታ ላይም ክልክል ነው። የከተማችሁን የገበያ ቀን እያወቃችሁ ያንኑ ቀን ከመረጣችሁ ለመከልከያ ምክንያት ራሳችሁ ጽፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

በዕለቱ ለ50 ሰው አንድ አስተባባሪ መድቡ። ከሩቅ የሚታይ ነጭ ጥብጣብ ይሰሩ፣ ከፊትና ከኋላ በስልክ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። አረጋውያንና ሴቶች መሐል ላይ ይሁኑ እንጂ ለታይታ ከፊት አይሰለፉ። መፈክሩ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ሰው እጅ አልፎ ይጻፍ፤ በመንገድ ላይ የመጣ ካርቶን አይያዝ። ሕጉ ያለ መሣሪያ ይላል። በእኛ አገር ዱላ ከገበሬው እጅ አይለይምና ይህ ጠንከር ብሎ መነገር አለበት። መቋሚያም ቢሆን ለማኅሌት ነው፤ በግርግር ውስጥ ዱላ መስሎ ይታያል፣ ቤት ይዋል። ታቦት ለሰልፍ አይወጣም። ባንዲራም ዋነኛ የጠብ ምክንያት ሆኗል፤ ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ይዞ መውጣት በአዋጅ 654/2001 ያስጠይቃል። ጉዳያችሁ መቃብር ከሆነ ስለ መቃብር ተሰለፉ፤ ስለ ባንዲራ የምትከራከሩበት ሌላ ቀን ይኖራል። ድንጋይ የወረወረ አንድ ልጅ የወሩን ሥራ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። አስተባባሪው ከሰልፉ ያውጣው፣ ካልወጣ ሰልፉ ወዲያው ይበተን። ሰልፉ ካለቀበት አደባባይ በቡድን በቡድን ሆናችሁ በተለያየ መንገድ ሂዱ። ችግር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከንግግሩ በኋላ፣ ሰው በየአቅጣጫው ሲፈስ ነው።

በ2015 የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጥር 14 ቀን ከሲኖዶስ ውጭ የጳጳሳት ሹመት ተደረገ፤ ቅዱስ ሲኖዶስም አወገዘ፤ በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ፣ የካቲት 5 ሰላማዊ ሰልፍ እንዲወጡ ጠራ። መንግሥት ሰልፉን ከለከለ። ከውይይት በኋላ ሲኖዶሱ ሰልፉን አራዘመው። በዚያ ጊዜ ሰዎች ሞተዋል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የጥቁር ልብሱ ተቃውሞ ማዘጋጃ ቤት አላስኬደም፣ መንገድ አልዘጋም፣ ግን በየቢሮውና በየገበያው ታየ። ሁለተኛ፣ ጥሪ የሚያደርስ ሰንሰለት ያለው ሁሉ የማራዘሚያ መልእክት የሚያደርስ ሰንሰለትም ሊኖረው ይገባል። ሰልፉ መቅረቱን ያልሰሙ ሃያ ልጆች አደባባይ ላይ ብቻቸውን ፖሊስ ፊት መቆም የለባቸውም። ማን ለማን እንደሚደውል በስም ጻፉት። በቴሌግራም የመጣ ደብዳቤ ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን ተመልከቱ፤ ሀገረ ስብከቱንም ጠይቁ።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ አብያተ ክርስቲያናት የመሩት ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ጥቁርና ነጭን በአውቶቡስ ለይቶ በሚያስቀምጠው መለያየት ላይ ሲያምፁ ያነሡት ሦስት መጠነኛ ጥያቄ ነበር፦ ሹፌሮች በአክብሮት ይናገሩን፣ መቀመጫ ቀድሞ ለመጣ ይሁን፣ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሹፌር ይቀጠር። ለ381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈሩም። ያን ያህል የቆዩት በስሜት አይደለም። አብያተ ክርስቲያናቱ መኪና ገዝተው ሠራተኛውን ወደ ሥራ ያመላልሱ ነበር፤ ጎን ለጎን ደግሞ ጠበቆች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ይዘው ነበር። መለያየቱን በመጨረሻ ያነሣው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። እግርና ፋይል አብረው ተጓዙ።

ስልካችሁን በተመለከተ በአጭሩ። አዋጅ 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻ የሚቀሰቅስ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጣት ወለምታ ደግሞ በስክሪን ሾት ይቀራል።

ሰልፍ ከማሰባችሁ በፊት አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ዓይነት ሲኖር የመሰብሰብ መብት ሊታገድ ይችላል፤ ያኔ መውጣት ልጆችን ለእስር መስጠት ነው። ነገር ግን ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 እስከ መጨረሻው አንብቡት። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊገደቡ ከማይችሉት ጥቂት መብቶች አንዱ አንቀጽ 25፣ እኩልነት ነው። አደባባዩ ቢዘጋ ለመዝገብ ቤቱ የሚገባው አቤቱታ የቆመበት መሬት አልጠፋም።

ሰው ከተያዘባችሁ የሚከራከርለት አንቀጽ 19 ነው፦ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ አለመናገር ይችላል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ። የመንገዱ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። በአንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡ፣ የሃይማኖት አማካሪውና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። የንስሐ አባቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የተያዘበትንም ሰዓት መዝግቡ።

የፊርማዎቹን ዋና ቅጂ ደብሩ ቢሮ አታስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሥታችሁ አታሰራጩ። በሰበካ ጉባኤው የታመኑ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ አረጋዊ፣ በፖስታ አሽገው ይያዙት። በ16ኛው ቀን ጠዋት ቅጂውንና ገቢ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ተመለሱና መልሱን ጠይቁ።